የእንድሪስ ቀጣፊ ዓሣ

እንድሪስ መሞቱን የነገረችኝ ልጁ ናት፣ በስልክ። የሊማሊሞን ቁልቁለት ጨርሼ ድብ ባሕር ገብቼ፣ አይሱዙዬን ከአንድ ሻይ ቤት በር ላይ አቁሜ ነበር። «ጋሼ መኳንንት፣ አባዬ ጠዋት አረፈ፤ ከዙሁር ሶላት በኋላ ይቀበራል» አለችኝ። «ኧረ በፈጣሪ!» አልኩ። ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚለውን ሁሉ አልኩ። ስልኩን ስዘጋ ግን መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ፣ «አሁን ያቺ ሣጥን የማን ልትሆን ነው?» የሚል ነበር።

አትፍረዱብኝ አልልም፤ ፍረዱ። እኔ ግማሽ ዕድሜዬን በእንድሪስ ስቀና የኖርኩ ሰው ነኝ። ቅናት ደግሞ ሰውየው ሞተ ተብሎ አብሮ አይቀበርም። እሱም ያውቅ ነበር። ሰው በተሰበሰበበት ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ፣ «ሌላው ምቀኛ አታሳጣኝ እያለ ይለምናል፤ ለእኔ ግን አላህ ሳልለምነው መኬን ሰጠኝ» ይል ነበር። ሰው ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን ነገሩን እያመላለስኩ ስገላበጥ አድራለሁ።

እንድሪስን የማያውቅ የደባርቅ ሰው አልነበረም። ትውልዱ ዳባት ነው፤ ደባርቅ ሱቅ ከፍቶ የፕላስቲክ ጫማ፣ ጀሪካን፣ ገመድና የእጅ ባትሪ ይሸጣል። በቆላው የገበያ ቀን ዕቃውን በእኔ መኪና ጭኖ፣ ራሱ ጋቢና ገብቶ፣ ድብ ባሕር ወይም ዛሪማ ይወርዳል። ቀጭንና ረጅም ነው፤ አፉ ስለማያርፍ ሊማሊሞ ላይ እኔ መሪ ስጠመዝዝ እሱ ወሬ ይጠመዝዛል። አንድ ልማድ ነበረው። ማንኛውንም ዕቃ ለገዢ ከማሳየቱ በፊት አንገቱ ላይ በጣላት ፎጣ ጫፍ ይወለውለዋል። አዲስ ጫማም ቢሆን፣ ከካርቶን አሁን የወጣ ባትሪም ቢሆን ይወለውለዋል። «ዕቃህን አንተ ካላከበርከው ገዢ አያከብርልህም» ይላል።

ዓሣ የእኔ ነበር። ይህ በደንብ ይታወቅልኝ። አባቴ፣ አያ ተሻገር፣ የመንገድ ሥራ ካቦ ስለነበር ልጅነቴን ያሳለፍኩት ዛሪማ ድልድይ አጠገብ በነበረው የሠራተኞች ካምፕ ነው። ከጭቃ ትል ቆፍሬ፣ መንጠቆ ላይ ሰክቼ፣ ዓሣ ሳወጣ ነው ያደግሁት። በኋላም ሾፌር ሆኜ ደባርቅ ስገባ፣ በዚያ ብርዳም አገር ዓሣ የሚያመጣ እኔ ብቻ ስለነበርኩ «መኳንንት ዓሣው» ይሉኝ ነበር። ስሙን እወደው ነበር። ሌላ የሚያኮራ ነገር አልነበረኝማ።

አባቴ ግን ዓሣዬን በልቶ አንድ ቀን እንኳ አመስግኖኝ አያውቅም። መንገድ ሠርቶ ያረጀ ሰው ነው። ድንጋይ በቦታው ከተቀመጠ ዝም ይለዋል፣ ካልተቀመጠ ይጮህበታል፤ እኔንም ያሳደገኝ እንደዚያው ነው። ዓሣውን ቀማምሶ፣ አፉን ጠርጎ፣ «ጭቃ ጭቃ ይላል» ብሎ ይነሳል። እኔም በሚቀጥለው የተሻለ አመጣለሁ እያልኩ እኖራለሁ።

አንድ በጋ፣ ከተራራው ወርዶ ወደ ሽሬ የሚሻገር ፈረንጅ አሳፈርኩ። እንድሪስም ነበር፤ ሦስታችን ጋቢና ውስጥ ተጣብበን ወረድን። ያንን ሁሉ ቁልቁለት ወርደን ፍሬኑ ስለጋለ፣ እስኪበርድ ዛሪማ ድልድይ ጥግ አቆምኩ። ፈረንጁ ከሻንጣው የሚገጣጠም ዘንግና ክር የሚጠቀልል መዘውር አወጣ። ከዚያም ከአንዲት ሣጥን ውስጥ ጣት የምታክል የውሸት ዓሣ መዘዘ። ዓይን አላት፣ ሆዷ ላይና ጭራዋ ላይ መንጠቆ አላት፣ ከአገጯ ሥር ደግሞ ምላስ የመሰለች ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ወጥታለች።

እኔ ሳቅሁ። ሆዴን ይዤ ነው የሳቅሁት። «ፕላስቲክ ሊያበላቸው ነው!» አልኩ። ፈረንጁ ወርውሮ ሲጠቀልል ግን ነገርየዋ እየተንቀጠቀጠች ወደ ውስጥ ሰመጠች። ብዙም ሳይቆይ ዘንጉ ጎበጠና፣ ክንድ የሚያክል ነጭ ዓሣ እየተወራጨ ወጣ። «ዕድል ነው» አልኩ። እንድሪስ አልሳቀም። ጫማውን አውልቆ ሰውየው አጠገብ ሄዶ ቆመና እጁን ዘረጋ፤ «እስቲ ልያዘው» አለ፣ በአማርኛ። ፈረንጁ ገባው። ቋንቋ ሳይኖራቸው፣ አንዱ የሌላውን እጅ ይዞ፣ ከሰዓቱን ሁሉ ሲወረውሩና ሲጠቀልሉ ዋሉ። ፍሬኑ ከበረደ ቆይቷል፤ እኔ መሪው ላይ ተደፍቼ ክላክስ አደርጋለሁ። ዓዲ አርቃይ ስንደርስ ፈረንጁ ዘንጉንና ሣጥኑን ለእንድሪስ ሰጠው። እኔን ጨበጠኝ።

አጥማጁ እኔ፣ መኪናው የእኔ፣ ወንዙ ያደግኩበት ወንዝ! ስመለስ ሊማሊሞን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። እንድሪስ ሣጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ እንደ ሕፃን ታቅፎታል።

ከዚያ በኋላ ዛሪማ በወረድን ቁጥር ዕቃውን አብራው ለምትወርደው ልጁ አስረክቦ ወንዝ ነው። መጀመሪያ ባዶውን ይመለሳል፤ እኔም ደስ ይለኛል፣ ምን ልዋሽ። ከዚያ አንድ ቀን በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይዞ መጣና፣ «ቤትህ ውሰደኝ፣ ከአያ ተሻገር ጋር እንበላዋለን» አለኝ።

በአገራችን ክርስቲያኑና ሙስሊሙ እንጀራ አብሮ ይቆርሳል፣ ሐዘንና ሠርግ አይቀርም፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን «ማን ባረከው?» የሚለው ይመጣና ትሪው ይለያያል። ዓሣ ግን ማንም አያርደውም፤ ባራኪ አያሻውም። እንድሪስና አባቴ ያን ያህል ዓመት ሲተዋወቁ፣ ሥጋ ከአንድ ትሪ የበሉት ያን ቀን ነው። አባቴ በላ። ደግሞ በላ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «እንድሪስ፣ እጅህ ይባረክ» አለ።

እኔ ጉርሻዬን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ ቀረሁ።

«በምን ያዝከው?» አለው አባቴ።

እንድሪስ ከኪሱ የውሸት ዓሣዋን አወጣ፣ በፎጣው ጫፍ ወለወላት፣ አባቴ መዳፍ ላይ አኖራት። አባቴ ገለባበጣት፤ ምላሷን ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ሳቀ። አባቴ ጥርስ እንዳለው እስክረሳ ድረስ ሲስቅ አላየሁትም ነበር። «ይቺ ቀጣፊ!» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ቀጣፊዋ ሆነ።

«አያ ተሻገር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለ እንድሪስ። «እቺ ነገር ድንጋይ ስትመታ ነው ዓሣ የሚይዛት። ዛሪማ ድልድይ ሥር ድንጋዩ የት የት ነው ያለው?»

አባቴ ጣቱን አዋዜ ውስጥ ነከረና ትሪው ጠርዝ ላይ ወንዙን ሳለለት። «ጎርፍ ምሰሶውን የገዘገዘው ዓመት፣ እዚህ፣ ከምሰሶው ዝቅ ብሎ፣ በመኪና ድንጋይ ደፍተናል። ያን ያህል ድንጋይ ውሃ አይወስደውም፤ አሁንም እዚያው ነው። እዚህ ደግሞ ትልልቁን ነው የደረደርነው» እያለ አንድ በአንድ አሳየው። እኔ በዚያ ድልድይ ሥር ልጅነቴን ሁሉ ዓሣ ሳጠምድ ኖሬ፣ ከውሃው በታች የአባቴ እጅ ሥራ እንዳለ አላውቅም ነበር። ጠይቄው አላውቅማ! እንድሪስ ባንዲት ጀምበር ጠየቀው። አባቴም ያን ያህል ዓመት ሙሉ የሚጠይቀው ሰው ሲጠብቅ የኖረ ይመስል፣ አዋዜው እስኪያልቅ ተናገረ።

ከዚያ ወዲያ «እንድሪስ ዓሣው» ሆነ። እኔ «ሾፌሩ» ሆንኩ።

ቅናቴ ሲጠናብኝ ለመማር ቆረጥኩ፤ አፍ አውጥቼ አስተምረኝ ማለት ግን ሞት መሰለኝ። «እስቲ ላግዝህ» እያልኩ ተጠጋሁ። ነገሩ ገብቶታል፤ ዘንጉን ሰጠኝ። ቀጣፊዋን ሲተዉዋት ትንሳፈፋለች፤ ክሩን ሲጠቀልሉ ምላሷ ውሃውን እየገፋ ወደ ታች ይዟት ይገባል፤ እየተወላገደች ትሄዳለች። ይኸው ነው ትምህርቱ። እኔ ግን እጄ አላመነም። ትንሽ እንደወረደች ድንጋይ ይይዛታል ብዬ ቶሎ ቶሎ እጠቀልላለሁ፤ ላይ ላዩን አሳልፌ አወጣታለሁ። ባዶ። አንድ ቀን፣ እሱ ዞር ሲልልኝ፣ መንጠቆዎቿ ላይ ትል ሰካሁባት። መቼም ዓሣ ትል እንደሚወድ አውቃለሁ። ቀጣፊዋ ትሉ ከብዷት እንደ እንጨት ቀጥ ብላ መጣች፤ መወላገዷን ተወች። እንድሪስ አየና መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ።

«አይ መኬ! ለቀጣፊ ምስክር ታቆምላታለህ?»

«ዓሣው ምን ሊበላ ነው ታዲያ? ቀለም?»

«ስማኝ» አለ፣ ዕንባውን በፎጣው እየጠረገ። «እኔ ጫማ ስሸጥ ጫማዬ ጥሩ ነው ብዬ በልቤ ካላመንኩ ገዢው ዓይኔ ላይ ያየዋል። አንተ ስትወረውር ዓሣው አያመልጠኝም ብለህ አይደለም የምትወረውረው፤ ባትጠፋብኝ ብለህ ነው። እስቲ እየኝ።»

ፎጣውን አንስቶ ቀጣፊዋን ወለወላት፣ «ቢስሚላህ» አለና ወደ ምሰሶው ሥር ወረወራት። ዝግ ብሎ ጠቀለለ። ዘንጉ ጫፍ ላይ ድንጋዩ ጠቅ፣ ጠቅ ሲል ይታያል። አንድ ጊዜ ጠንከር ብላ ስትመታ እጁን አቆመ። ምንም አላደረገም። «አሁን ወደ ላይ ልትንሳፈፍ ነው» አለኝ በሹክሹክታ። «ገዢ ዋጋ ጠይቆ ጥሎህ ሲሄድ ትከተለዋለህ? አትከተለውም። ቁም። እሱ ራሱ ዞሮ ይመጣል።» ዘንጉ ጎበጠ። ዞሮ መጣ።

እንድሪስ ቀጣፊዎቹን አይሳሳላቸውም ነበር። ድንጋይ ውስጥ ተወሽቃ ክሩ ሲበጠስበት፣ «አላህ ይተካል» ብሎ ሌላ ያስራል። የፈረንጁ ዓሣዎች ሲመናመኑ ራሱ መሥራት ጀመረ። ቀላል ስለሆነ ከኮርች እንጨት ይጠርባቸዋል፤ ምላሳቸውን ከተበላሸ ሲዲ ይቆርጣል፤ ሚስቱ ዘይነባ በጥፍር ቀለም ዓይንና ቅርፊት ትሥልላቸዋለች። ሱቁ ውስጥ በውሃ የተሞላ በርሜል አለ፤ እዚያ ውስጥ በክር እየጎተተ ይሞክራቸዋል። ገዢ ጫማ ሊለካ ገብቶ በርሜሉን ሲያይ ይውላል። እንዲህም ሆኖ ብዙ ጫማ ይሸጣል! እኔ ይህን ሁሉ ሳይ፣ ለአንድ ሰው ይህ ሁሉ ለምን ተሰጠው እላለሁ። ወሬ ተሰጠው፣ ሚስት ተሰጠው፣ እጅ ተሰጠው። የእኔ አባትም ሳይቀር።

ወደ ቤቴ መምጣቱንም አላቋረጠም። ዓሣ ይዞ ይገባል፤ አባቴ ከአልጋው ይነሳል፤ ስለ ድንጋይ ያወራሉ። እኔ እጅ አስታጥባለሁ።

አንድ ቀን፣ ከሠራቸው ሁሉ ያማረችውን፣ ሆዷ ቀይ የሆነችውን አመጣልኝ። «ይቺ ያንተ ናት» አለ። «ወርውራት። ትጥፋ። ሌላ እሠራልሃለሁ።» ተቀበልኳት። አልወረወርኳትም። መንጠቆዎቿን አውልቄ የመኪናዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኳቸውና እሷን ጋቢናዬ መስታወት ላይ በክር አንጠለጠልኳት። ለሰበብ አላንስም፦ ዛሬ ውሃው ደፈረሰ፣ ዛሬ ጭነት አለብኝ፣ ዛሬ ንፋስ ነው። እንድሪስ ጋቢና በገባ ቁጥር በጣቱ መታ ያደርጋታል፤ ትወዛወዛለች። «ምስኪን፣ ዛሬም በደረቅ አገር?» ይላታል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «መኬ፣ ድንጋይ ያልነካች ቀጣፊ ጌጥ ናት» ይለኛል። እኔ ማርሽ እቀይራለሁ።

በመጨረሻ ስኳር በሽታ እግሩን ያዘውና ቆላ መውረድ ተወ። አባቴም በዚያው ሰሞን ነገር እየረሳ ሄደ። የልጆቼን ስም ይረሳል፤ መብላቱን ይረሳል። ከሥራ ስገባ ግን ከአልጋው ላይ ሆኖ፣ «እንድሪስ አልመጣም?» ይለኛል። ሁልጊዜ። «አልመጣም አባባ» እላለሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

የመርዶው ቀን ጭነቴን ድብ ባሕር አራግፌ ተመለስኩ። ዳገቱን ስወጣ ቀይዋ ቀጣፊ ፊቴ ትወዛወዛለች። ስደርስ ቀብሩ አልፏል። በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ሄድኩ፤ ሰው ቀለል ሲል ዘይነባ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። «ፈጣሪ ያጽናሽ» አልኳት። «አሜን» አለችና ተነስታ ያችን ሣጥን አመጣች። ዘንጉንም ይዛለች።

እጄን ቀድሜ ዘረጋሁ። ከፈትኳት። ጥቂት የዛጉ መንጠቆዎች፣ የደረቀ የጥፍር ቀለም ብልቃጥ፣ የሲዲ ቁራጭ። ሌላ የለም።

«የታሉ?» አልኩ። ድምፄ ለሐዘን ቤት እንደማይሆን ገብቶኛል።

«ሁሉም ዛሪማ ናቸው፣ ከድንጋዩ ሥር» አለች ዘይነባ። «በኋላ መሥራትም ዓይኑ አልቻለለትም። 'አንዷ ናት የቀረችው፣ መኬ ጋ ናት፤ እሱ ጋ አትሞትም' ይል ነበር። ዘንጉን ስጪው ብሏል።»

ምስጋና ነው ስድብ? እንድሪስን የሚያውቅ ሰው ሁለቱንም መሆኑን ያውቃል። መልስ ልሰጠው የማልችልበት ቦታ ሄዶ ነው የሰደበኝ። ዘንጉን ይዤ ወጣሁና መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። እውነቱን ከተናገርኩ፣ ግማሹ ለቅሶ ግማሹ ንዴት ነው።

በሚቀጥለው ጉዞዬ ዛሪማ ድልድይ ጥግ አቆምኩ። ፍሬኑ አልጋለም። ቀጣፊዋን ከመስታወቱ ፈታኋት፣ መንጠቆዎቿን መለስኩላት፣ ክሩ ላይ አሰርኳት። ሳላስበው በሸሚዜ ጫፍ እየወለወልኳት ነበር። አባቴ በአዋዜ የሳለውን አስታወስኩ፦ ከምሰሶው ዝቅ ብሎ። ወረወርኩ።

ዝግ ብዬ ጠቀለልኩ። ወረደች። ጠቅ አለ። እጄ እንደ ልማዱ ሊያነሳት ፈለገ፤ ከለከልኩት። ደግሞ ጠቅ አለ። የእንድሪስ የመጨረሻዋ ናት፣ ብትጠፋ የሚሠራልኝ የለም። ከዚያ ጠንከር ብላ መታች፣ ክንዴ ድረስ ተሰማኝ። ቆምኩ።

መቆም እንዲህ የሚያስጨንቅ ነገር መሆኑን አላውቅም ነበር። ገዢው ሄዷል፤ እኔ ሱቄ ውስጥ ቆሜያለሁ። አልተከተልኩትም። ዘንጉ ባንድ ጊዜ ጎበጠ።

ነጭ ዓሣ ነው፤ ክንድ የሚያክል። ዳር አውጥቼ ላዩ ላይ ልወድቅበት ምንም አልቀረኝ። ዞር ዞር ብዬ የሚያየኝ ሰው ፈለግሁ፤ ማንም የለም። እንድሪስ ይህን ቢያይ እሱም በተራው ትንሽ ይቀና ነበር ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ እንደማያይ ትዝ አለኝና ተናደድኩበት። ቀጣፊዋን መስታወቱ ላይ አልመለስኳትም፤ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጥኳት፣ ለሚቀጥለው ጊዜ።

ዓሣውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ደባርቅ ገባሁ። ባለቤቴ ጠበሰችው። አባቴን ከአልጋው ደግፌ አስነሳሁት፣ እጁን አስታጠብኩት፣ ፊቱ ተቀመጥኩ። አንድ ጉርሻ በላ። ሌላ በላ። እኔ ልጅ ሆኜ ካምፕ ውስጥ እንደምጠብቀው ነው የምጠብቀው። የምለውንም አዘጋጅቻለሁ፦ እኔ ነኝ አባባ፣ በቀጣፊዋ፣ አንተ ከደፋኸው ድንጋይ ላይ፣ በገዛ እጄ።

ቀና አለ። ዓይኑ እንደ ድሮው ጥርት ብሏል።

«እንድሪስ ነው የላከው?»

ባለቤቴ አየችኝ። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ያዘጋጀሁት ሁሉ እዚያው ነበር።

«አዎ፣ አባባ» አልኩ። «እንድሪስ ነው።»

«እጁ ይባረክ» አለ አባቴ። «ድንጋዮቹን አገኛቸው ማለት ነዋ!»

«አሜን» አልኩና እሾሁን ለቅሜ ሌላ አጎረስኩት።